ምስጥ ያልነካው ቤት

ሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 1989

አንዴ ከአፌ ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፣ አሁን ማን ይመልሰዋል!

የባህልና ቱሪዝም ቢሯችን ስብሰባ ላይ ነበርን። ኃላፊያችን አቶ ግርማ ላባቸውን እየጠረጉ አንድ ጥያቄ አሥር ጊዜ ጠየቁን። የዛሬ ሳምንት ሰኞ ከአዲስ አበባ የዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች ከለጋሾቹ ፈረንጆች ጋር ይመጣሉ። የቱሪስት ማረፊያ ሊሠሩ ሦስት ቦታ አይተው አንዱን ይመርጣሉ። አንደኛው የእኛ ነው፣ ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ ሁለቱ ሐይቆች ከታች ወለል ብለው ከሚታዩበት ጠርዝ። ማረፊያው ከተሠራ የቦኖ ውኃ አብሮ ይገባል። ያ ጠርዝ ደግሞ የተወለድኩበት መንደር አፍንጫ ሥር ነው። ሴቶቹ እስከ ዛሬ ውኃ የሚቀዱት ገደል ወርደው ነው።

"ባዶ ሜዳ ይዘን እንዴት እናሳምናቸዋለን?" አሉ አቶ ግርማ። "አንድ ባህላዊ ቤት እንኳ ቢኖር!"

አዲስ የቀርከሃ ቤት ወራት ይፈጃል። ሁሉም አቀረቀረ። እኔ ግን አፌ አላስቀመጠኝም።

"ቤት እኮ ይሄዳል" አልኩ።

ከሰሜን ተዛውሮ የመጣው የሒሳብ ሹማችን ሳቀ። አስረዳሁ። የእኛ ቤት ከቀርከሃ የተሸመነ ትልቅ ቅርጫት ነው። ሥሩን ምስጥ ሲበላው ከመሬት ይቆረጣል፣ ውስጡ አግዳሚ እንጨት ይገባለታል፣ ጎረቤት ተሰብስቦ እንዳለ ያነሳውና ምስጥ ወደሌለበት መሬት ይወስደዋል። በተቆረጠ ቁጥር ያጥራል። ለዚህ ነው ያረጀ ቤት ከቁመቱ የሚታወቀው።

አቶ ግርማ ከወንበራቸው ተነሱ። "ይኼ ነው ባለሙያ!" አሉ። "የማን ቤት ይሁን?"

"የአክስቴ አለ" አልኩ። ሳላስብ። እውነቱን ለመናገር አስቤ ነው። ረጅም ነው፣ መልከ መልካም ነው፣ ለጠርዙም ቅርብ ነው።

ሲቀላ፣ ታችኛው ከተማ ያለው ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ለመሠረት ስነግራት ሕፃኑን እያጠበች ነበር። "እማማ አልታዬን ጠይቀሃል?" አለች። ነገ እጠይቃለሁ አልኳት። "እሺ ካሉህስ ምን ልትል ነው?" አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ወጣሁ። ከታች ሙቀቱ እያቃጠለኝ ተነስቼ ላይ ስደርስ ጥርሴ ተንገጫገጨ። ጋቢ መያዝ ሁልጊዜ እረሳለሁ። የከተማ ሰው ሆኛለሁ ለማለት ይመስላል።

እማማ አልታዬ የአጎቴ ሚስት ናቸው። አጎቴ ሸማኔ ነበር፣ ከሞተ ቆየ። ጨንቻ ስማር ያደግሁት እሳቸው ጋ፣ በዚያ ቤት ነው። በግራ በኩል ላሞች፣ በቀኝ በኩል እኔ። የምድጃው ጭስ ያጠቆረው ቀርከሃ እስከ ዛሬ ልብሴ ላይ የሚሸት ይመስለኛል። መሥሪያ ቤት ስገባ ያንን ሽታ ለማስለቀቅ ስንት ሳሙና ጨረስኩ።

ነገሩን ነገርኳቸው። ለሦስት ቀን ብቻ፣ እንግዶቹ እስኪሄዱ፣ ከዚያ እንመልሰዋለን።

ሳቁ። "ሊታይ የሚሄድ ቤት! ሙሽራ ነው እንዴ?"

ቀጠልኩ። ውኃው፣ ቦኖው፣ ገደሉ። ሳቃቸው ቀነሰ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ይኼን ቤት አጎትህ ሲሠራው ለሁለታችንም ዕድሜ ይበቃል ብሎ ነው። እሱ ቀደመኝ። እኔ በየዓመቱ ቁመቱን አያለሁ። አንድ ጊዜ ቢቆረጥ እንኳ በሩ ሳያስጎነብሰኝ እሞታለሁ ብዬ አስቤ ተኝቻለሁ። አሁን ጤነኛውን ለምን ይቆርጡታል? ደግሞስ ማን ይሸከመዋል? ሰው የሚመጣው ምስጥ ገባ ሲባል ነው። ለፎቶ ቤት የሚሸከም ሰው የለም።"

ልክ ናቸው። ምስጥ ገባ ተብሎ የተጠራ ሰው መቅረት አይችልም። ሥራውን ጥሎ ይመጣል፣ ምንም አይጠይቅም፣ ነገ የእሱም ቤት ተራ አለው። ሌላ ምክንያት ግን አያስነሳውም።

እንግዲህ ይኼን ጊዜ ነው። ያልኩትን እንዳልኩት እጽፈዋለሁ።

"ምስጥ ገብቷል እንበላቸዋ" አልኩ። "መሬቱን ምስጥ ይዞታልና ቤቱ ወደ መንገዱ ዳር ይሄዳል እንበል።"

እማማ አልታዬ ምድጃውን ቆሰቆሱ። ቆይተው "እኔ አልልም" አሉ። "አንተ ካልክ ግን ዋሸ ብዬ አላሳፍርህም። እስከ ዛሬ ምን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

እሺታ አድርጌ ወሰድኩት። ስወርድ እያፏጨሁ ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ማለዳ ለጥሪ ወጣሁ። ደንቡ ነው። የቤቱ ወገን የሆነ ወንድ በየደጁ እየዞረ "ምስጥ ገባብን" ይላል፣ አይቀመጥም፣ ምንም አይቀምስም። ዓይኔን በጨው አጥቤ ዞርኩ።

"ምስጥ ገባብን።" "እግዜር ያውጣችሁ፣ እንመጣለን።"

"ምስጥ ገባብን።" "እንመጣለን።"

ሦስተኛው ደጅ ላይ አንደበቴ ተፈታ። አሥረኛው ላይ እኔ ራሴ ሳላምነው አልቀረሁም።

አባ ሻንካ፣ የመንደሩ ሽማግሌ፣ እሳቸው ብቻ አንድ ነገር ጠየቁ። "በዓይንህ አይተኸዋል?"

"አይቻለሁ" አልኩ።

"እንመጣለን" አሉ። በእኛ ዘንድ አየሁ ያለን ሰው ሁለተኛ አይጠይቁትም።

ነገ ሐሙስ ገበያ ስለሆነ ለዓርብ ተቀጠረ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ቢሮ። የሠራሁት፦ ቤቱ ፊት ለሚተከለው ሰሌዳ ጽሑፍ አረቀቅሁ። ሾፌሩን ለምኑልኝ ብዬ መኪና አስፈቀድኩ። ስለ ቤቱ አሠራር ለእንግዶቹ የሚነበብ አንድ ገጽ ጻፍኩ፣ በሁለቱም ላይ "የዝሆን ፊት የሚመስለው" የምትለዋን አስገባሁ። አያቶቼ ቤታቸውን ዝሆን ሲሉት ሰምቼ አላውቅም። ፈረንጆች ግን ይወዷታል።

አቶ ግርማ በኮሪደሩ ሲያልፉ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። የባህል ክፍሉ ኃላፊነት ቦታ ክፍት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ደስ ብሎኛል። ይህን ደስታ ነገ ከነገ ወዲያ ሳነበው ምን እንደምል እንጃ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ፣ አለዚያ እሸሸዋለሁ።

ጎሕ ሲቀድ ሁሉም መጡ። አንድም የቀረ የለም። እማማ አልታዬ እሳታቸውን በራሳቸው እጅ አወጡ፣ ፍሙን በሸክላ ይዘው ወደ አጎቴ የሽመና ጎጆ ገቡ። አልወጡም።

ሸማኔው ማዳ ገጀራውን ይዞ ተንበረከከ። አብሮ አደጌ ነው፣ ጨንቻ እስከ ስምንተኛ አብረን ተምረናል። የመጀመሪያውን ቀርከሃ ቆረጠ። ነጭ። ሁለተኛውን ቆረጠ። ነጭ፣ ጭማቂው ያልደረቀ የሚመስል፣ አንድ የምስጥ ቀዳዳ የሌለው። ማዳ ገጀራውን ይዞ ቀና አለና አየኝ። ወደ ሰማይ አየሁ። ሌሎቹም እየቆረጡ ነበር፣ ሁሉም አዩ።  በሌላ ጊዜ ቤት ሲቆረጥ ወግ አለ፣ ቀልድ አለ፣ "ይኼን ምስጥ ማን ቀለበው" ይባላል። ዛሬ የገጀራ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። በዙሪያው ስንዝር ተኩል ወረደ። መሬቱ ላይ የቀረውን ጤነኛ ጉቶ በእግሬ አፈር አለበስኩት። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ተነሳ። ስንት ጊዜ ያየሁት ነገር ነው፣ ቢሆንም አይለመድም። ግማሹ ሰው ከውስጥ፣ ግማሹ ከውጭ፣ "ሆ!" ብለው አንድ ላይ። እግር ብቻ የሚታይበት ቤት በእንሰቱ መሃል ሄደ። እኔም ከውስጥ ገብቼ ተሸክሜያለሁ፣ ቢያንስ ይኼን።

መንገዱ ዳር ስንደርስ ድንጋያማው ቁልቁለት ላይ ቤቱ ወደ ግራ ተንሸራተተ። ማዳ ጮኸ። እጁ በአግዳሚውና በድንጋዩ መሃል ነበር። ቀኝ እጁ ነው። ሦስት ጣቶቹን ሳይ ዓይኔን ጨፈንኩ።

የቢሮውን መኪና ይዘን ሆስፒታል ወሰድነው። መንገዱን ሙሉ አላቃሰተም። አንዴ ብቻ "መወርወሪያውን በግራ እጅ የሚወረውር ሰው አይተህ ታውቃለህ?" አለኝ። በአጥንቱ ላይ ወጌሻ የማያድነው ነገር እንዳለ ሐኪሙ ነገረን። አንዷ ጣት አትታጠፍም።

ስመለስ ሰዎቹ ቤቱን ጠርዙ ላይ ቀጥ አድርገው አስቀምጠውት ሄደዋል። ከኋላው ሁለቱ ሐይቆች ይታያሉ። እውነቱን ልናገር? ቆንጆ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ማዳ ቤት ሄድኩ። ሙዝ ገዝቼ ነበር፣ ከኩልፎ ወንዝ ዳር የመጣ፣ ላይኛው አገር ብርቅ ነው። ደጁ ላይ ስደርስ ሚስቱ ከውስጥ ስታወራ ሰማኋት። ስለ እኔ አልነበረም፣ ስለ ድር ነው፤ የተጀመረውን ቡልኮ ማን እንደሚጨርሰው ነው። ሙዙን አጥሩ ሥር አስቀምጬ ተመለስኩ። እንደ ሌባ።

እማማ አልታዬ ሽመና ጎጆው ውስጥ፣ አጎቴ ሲሸምን እግሩን በሚያስገባበት ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የጎጆው ጣሪያ ንፋስ ያስገባል። ጠርዙ ላይ ስላለው ቤት አልጠየቁኝም። "እሳት የሌለበት ቤት ቶሎ ይነቅዛል፣ ጭሱ ነው የሚጠብቀው" አሉ ብቻ። ሰኞ ካለፈ ማክሰኞ እንመልሰዋለን አልኳቸው። "እሺ" አሉ። ያ እሺታቸው አሁን ገባኝ። እሺታ አይደለም።

ለነገ ዱቡሻ ተጠርቷል። ዱቡሻ የሽማግሌዎቻችን መስክ ነው፣ ፍርዱም እርቁም እዚያ ነው። የጥሪው ቃል አጭር ነው፦ ቤት ስናነሳ የሰው አካል ጎደለ፣ ጎሜ የሠራ አለ። ጎሜ ማለት የተከለከለውን መተላለፍ ነው፤ ሰውየው በሰው ፊት ካልተናገረው በከብቱ፣ በእህሉ ወይ በሰው አካል ይወጣል ይላሉ። እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ በዚህ አላምንም እል ነበር። ዛሬ ግን እንቅልፌ እንደማይመጣ ከወዲሁ አውቄዋለሁ።

እሑድ፣ የካቲት 9

ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰብን። አባ ሻንካ መረቁ፣ "ይጥገብ፣ ይርጠብ፣ ይታረቅ"፣ ሕዝቡ እየተቀበለ። ከዚያ ጠየቁ።

"የሚያውቅ ይናገር።"

 ማዳ እጁ ተጠቅልሎ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። አፌን ከፈትኩ። በዚያች ሰዓት ያሰብኩትን እጽፋለሁ፦ ነገ እንግዶቹ ይመጣሉ። ዛሬ ብናገር ቤቱን ዛሬውኑ ያነሱታል። ቦኖው ይቀራል። ይኼን ሁሉ አሰብኩ፣ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው። አቶ ግርማ ትከሻዬን የመቱበት እጅ ትዝ አለኝ። አፌን ዘጋሁ።

ከሴቶቹ በኩል እማማ አልታዬ ተነሱ። ጥፋቱን የሚያምን ሰው የሚይዘውን እርጥብ ሳር ይዘዋል። መሃል ድረስ ሄደው ሳሩን አባ ሻንካ እግር ሥር አኖሩ።

"ጎሜው የእኔ ነው" አሉ። "ቤቴን ምስጥ አልነካውም። ልጁ ሲጠራችሁ ዝም አልኩ። የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! ምድር ግን እንደፈለጉ አትከፈትም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት በሕዝብ ፊት ቆመው፣ የሠላሳ ሁለት ዓመት ጎረምሳ፣ ዲፕሎማ ያለው፣ ከረባት የሚያስር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያያል።

አባ ሻንካ እሳቸውን አላዩም፣ እኔን ነው ያዩት። "ሰምተናል" አሉ በመጨረሻ። "ይደር።"

ይደር ማለት አላለቀም ማለት ነው።

ለመሠረት ነገርኳት። እሷ ጴንጤ ነች፣ እኔ ኦርቶዶክስ፣ በሃይማኖት ስንነታረክ ዓመታችን ነው። ዛሬ አልተነታረከችም። "በሁለታችንም ቤተ ክርስቲያን ይኼ ነገር ስሙ አንድ ነው" ብላ ፊቷን አዞረች።

ሰኞ፣ የካቲት 10

የነነዌ ጾም ገባ። ዮናስ ተላክ ሲባል በመርከብ የሸሸበት። እኔም ዛሬ በላንድክሩዘር ወጣሁ።

እንግዶቹ ደረሱ። ስድስት ሰው፣ ሁለት መኪና። ጠርዙ ላይ የቆዩት ሃያ ደቂቃ ያህል ነው፣ ምክንያቱም ጫሞ ሐይቅ ላይ ጀልባ እየጠበቃቸው ነበር። አዞ ሊያዩ። የሳምንቱ ጣጣ ሁሉ ለሃያ ደቂቃ! ይኼን ስጽፍ ሳቅም ለቅሶም ይመጣብኛል።

ፎቶ አነሱ። ገጼን አነበብኩ። ዝሆኗ ላይ ስደርስ ሁሉም ፈገግ አሉ።

አቶ ግርማ ያለ ባለቤት ቤት ደረቅ ይሆናል ብለው እማማ አልታዬን አስጠርተዋቸው ነበር። አዲስ ቡልኮ ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። ከፈረንጆቹ አንዷ፣ ጸጉሯ ነጭ የሆነ ሴት፣ አጠገባቸው ሄዳ እጃቸውን ያዘችና በእኔ በኩል ጠየቀቻቸው። "ቤትዎን ለእንግዳ በማሳየትዎ ምን ይሰማዎታል?"

እማማ አልታዬ በጋሞኛ መለሱ፣ ቀስ ብለው፣ ዓይኖቼን እያዩ። "ይኼ ቤት አይደለም። እሳቱ እኔ ጋ ነው። የዚህ ልጅ እናት ብሆን ኖሮ ዛሬ እቀጣው ነበር፣ እናቱ ስላልሆንኩ ግን አዝንለታለሁ።"

ሴትየዋ ፊቴን እያየች ጠበቀች። አቶ ግርማም።

"በጣም ደስ ብሎኛል፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ይላሉ" አልኩ።

ይህንን ቀን የልጅ ልጄ እንዳያነበው። ወይም ያንብበው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ ሰዎቹ ቦታውን ወደውታል፣ ውሳኔው ግን ከሌሎቹ ሁለት ቦታዎች በኋላ በደብዳቤ ይመጣል። መቼ? አይታወቅም።

ሁለተኛ፣ ሰሌዳውን ልንነቅል፣ ቤቱንም ልንመልስ ነው ስል አቶ ግርማ እንደ እብድ አዩኝ። "ለምን ይመለሳል? ከእንግዲህ ቋሚ ማሳያ ነው። ለእናትየዋ ቆርቆሮ ቤት እንጽፍላቸዋለን፣ በጀት ሲለቀቅ።" ቃል ገብቼላቸዋለሁ አልኩ። "ቃሉን የገባኸው አንተ ነህ፣ መሥሪያ ቤቱ አይደለም" አሉ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፦ "ታምራት፣ አንተን ያሰብንበት ቦታ አለ። አታበላሸው።"

"እሺ ጌታዬ" ብዬ ወጣሁ።

እሺ ጌታዬ! የእኔ እሺታ ደግሞ በቃ እሺታ ነው።

ቢሯችን ካለበት ከሸቻ ወደ ሲቀላ ያለውን ቁልቁለት በእግሬ ወረድኩ። መኪና እምቢ ብዬ። ጫካው ሥር ስደርስ ቆምኩና ጮክ ብዬ፣ ሰው ይስማኝ አይስማኝ ሳላይ፣ "ምስጡ እኔ ነኝ" አልኩ። ያለፈች አንዲት እንጨት ተሸካሚ ሴት መንገድ ለቀቀችልኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

የሕመም ፈቃድ ወሰድኩ። ውሸት ነው፣ ግን የዚህ ሳምንት የመጨረሻው ይሁን ብያለሁ። መሠረት ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ።

አባ ሻንካ ደጅ ሄጄ ቆምኩ። "ያደረውን ላነሳው መጣሁ" አልኳቸው። ከዘራቸውን አንስተው ወጡ፣ በየመንገዱ ሰው ጠሩ። ዱቡሻው ተሞላ። እርጥብ ሳር አጨድኩ፣ እጄን ቆረጠኝ። መሃል ገብቼ አኖርኩት።

የተናገርኩት ረጅም አልነበረም። "ምስጥ አልነበረም። አየሁ ያልኩት አላየሁም። እማማ አልታዬ አልልም ብለውኛል፣ ያልኩት እኔ ነኝ። ጉቶውን አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ። የማዳ እጅ በእኔ ነው። እሑድ እዚሁ ተቀምጬ ነበር።" ከዚያ የሰኞውን፣ እማማ አልታዬ ለፈረንጇ ያሉትንና እኔ የተረጎምኩትን ተናገርኩ። አንዳንድ ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማዳ ተነሳ። በግራ እጁ ሳር ነቅሎ መጥቶ ከእኔ ሳር አጠገብ አኖረ።

"መጀመሪያ የቆረጥኩት እኔ ነኝ" አለ። "ነጭ ነበር። አየሁ፣ ሁለተኛውንም ቆረጥኩ። ጓደኛዬን በሰው ፊት ላሳፍረው አልፈለግሁም። ይኼም ጎሜ ነው።"

ከኋላው ሌላው ተነሳ። "እኔም አይቻለሁ።" ከዚያ ሌላው። ገጀራ ይዘው የነበሩት ሁሉ አንድ በአንድ ሳር እያኖሩ "አየሁ፣ ዝም አልኩ" አሉ። የሳሩ ክምር ጉልበቴ ደረሰ። እኔ አንድ ውሸት የዋሸሁ መስሎኝ ነበር። መንደሩን በሙሉ ነው ያስዋሸሁት።

አለቀስኩ። ከአጎቴ ቀብር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

የአባ ሻንካ ፍርድ፦ ቤቱ ይመለስ። የማዳን የተጀመረ ቡልኮ የመንደሩ ሸማኔዎች ተራ በተራ ይጨርሱ። እኔ እስከ መከር ድረስ በየእሑዱ መጥቼ የማዳን እንሰት ልኮትኩት። ቤቱንም ለመመለስ እኔው ልጥራ፣ በየደጁ፣ በእውነተኛው ቃል።

"እውነተኛው ቃል ምንድን ነው?" አልኳቸው።

"እሱን አንተ ፈልገው" አሉኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ከገበያ በፊት ዞርኩ። ያንኑ ደጅ ሁሉ። መጀመሪያ የማዳ።

"ዋሽቼ የወሰድኩትን ቤት ልመልስ ነው፣ እርዱኝ።"

እንደ ፊተኛው አንደበቴ አልተፈታም። እያንዳንዱ ደጅ ላይ እንደ አዲስ ነው የጀመርኩት። አንዳንዶቹ "እንመጣለን" አሉ። አንዳንዶቹ ሥራቸውን ቀጠሉ። አንዲት አሮጊት በሩን ዘጉብኝ፣ መብታቸው ነው። ስንት ሰው እንደሚመጣ አላውቅም። ቤቱን ለማንሳት የሚበቃ ሰው ካልመጣ ምን ይደረጋል? ማንም አልነገረኝም።

ዓርብ፣ የካቲት 14

መጡ። ሁሉም አይደሉም። ጥቂት ስለሆንን አሥር ጊዜ እያሳረፍን ነው የተሸከምነው። ሰሌዳውን እኔ ነቀልኩት፣ "የዝሆን ፊት የሚመስለው" የሚለው ወደ ላይ ሆኖ መኪና መንገዱ ዳር ተጋድሟል። ማዳ በግራ ትከሻው ገባ። አትችልም ብለው ሊያስወጡት ሲሞክሩ "ዝም ብላችሁ ተሸከሙ" አላቸው፣ ሳቅ ሆነ። በዚህ ሳምንት የሰማሁት የመጀመሪያ የሸክም ላይ ሳቅ ነው።

አንድ ያላሰብኩት ነገር። ቤቱ ጠርዙ ላይ ሳምንት ሙሉ ድንጋይ ላይ ስለቆመ፣ ስንጎትተውም ስለተሰነጣጠቀ፣ የታችኛው ዙሪያው ተበጣጥሷል። ሳይቆረጥ አይተከልም። ሌላ ስንዝር ወረደ። እማማ አልታዬ ቆመው ያያሉ። ያለፈው ዓርብ ማዳ የቆረጠውን ነጭ ጤነኛ ቀርከሃ ሰበሰብኩ፣ ምን እንደማደርገው አላውቅም፣ ይዤው መጥቻለሁ፣ ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

ፍሙን ከሽመና ጎጆው ራሳቸው አመጡ። እንድሸከምላቸው አልፈቀዱም። ቤቱ ጭስ መተንፈስ ሲጀምር ሰው ሁሉ ወደየሥራው ሄደ። ደጅ ቆምኩ። መግባት አለብኝ ወይስ የለብኝም?

"ይበርድሃል፣ ግባ" አሉኝ ከውስጥ።

ገባሁ። በሩ ግንባሬን መታኝ፣ የእሳት ብልጭታ እስኪታየኝ። ስንት ዓመት በዚያ በር ወጥቼ ገብቻለሁ፣ ምን ያህል ማጎንበስ እንዳለብኝ ሰውነቴ በድሮው ልክ ነው የሚያውቀው። መሬት ተቀመጥኩ፣ ደም በቅንድቤ ወረደ። እማማ አልታዬ አዩኝና ሳቁ። እውነተኛ ሳቅ ነው። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ፣ ተነስተው ወደ በሩ ሄዱ፣ ሊያልፉ ሞከሩ። ጎንበስ አሉ። ወጡ። ጎንበስ አሉ። ገቡ።

"ቀድሞኛል" አሉ፣ እንደ ቀልድ። "ቤቱ።"

ይቅር ብለውኝ እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ግንባሬን በሞቀ ውኃ አጠቡልኝ።

ሰኞ ቢሮ እገባለሁ። ጠርዙ ባዶ ነው። አቶ ግርማ ምን እንደሚሉኝ፣ ያ ያሰቡልኝ ቦታ ምን እንደሚሆን፣ ቦኖው ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ግንባሬ አብጧል፣ እስከ ሰኞም አይጎድልም። የሒሳብ ሹሙ "ምን መታህ?" ማለቱ አይቀርም። እነግረዋለሁ፤ የእማማ አልታዬ በር አጠረ፣ ያሳጠርኩትም እኔ ነኝ።